ከእናት ግማሽ፣ ከአባት ግማሽ

ፅጌ ማርያም ሀብተ ሥላሴ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ሴት ነበረች። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በፈትል ክፍል አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «አንቺስ ክሩ ሳይበጠስ ነው የምትቀጥይው» እያሉ ይስቁባት ነበር። በምሳ ሰዓት ሌላው ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል እሷ ከአጥር አጥር ትመላለሳለች። ቤቷም ስትገባ ያው ናት፤ ተቀመጠች ሲሏት ትነሣለች፤ የዘጋችውን በር ተመልሳ ትነካካዋለች። ጎረቤት ጠባይዋ ነው ብሎ ትቷታል። ፍርሃት መሆኑን የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው መኖሩን ደግሞ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በየማለዳው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በሩን ትቀረቅራለች። በቀሚሷ ላይ ተጣብቆ ከፋብሪካ የመጣ የጥጥ ብናኝ ታነሣና ዓይኗን ጨፍና ክንዷን፣ ጉንጯን፣ የጆሮዋን ጫፍ፣ ቅልጥሟን ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች። ተሰማኝ? ተሰማኝ። እዚህስ? ከተጠራጠረች እንደገና። አንዳንድ ቀን ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ነገር ያየች ይመስላትና እጅጌዋን ስትሰበስብና ስትዘረጋ ትውላለች።

ነገሩ የጀመረው ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ነው። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የደብር አገልጋይ ነበሩ፤ እናቷ ወለተ ሩፋኤል ትባላለች። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ታላቁ መርስዔ ኀዘን፣ ታናሿ እሷ። በአንድ ደበሎ ተጠቅልለው ተኝተው፣ በአንድ ዋንጫ ጠጥተው አድገዋል። መርስዔ ኀዘን ዜማ ይማር ነበር፤ ድምፁ ገና በልጅነቱ ሰው የሚያስቆም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በኪዳን ጸሎት ላይ ጧፍ ይዞ ቆሞ ሳለ ጧፉ አልቆ እጁ ላይ ደረሰ። ጣቱ ተቃጠለ፤ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ፤ እሱ ግን ዜማውን አላቋረጠም። አልተሰማውም። ፅጌ ከሴቶቹ ወገን ሆና የሰዉ ፊት አንድ በአንድ ወደ ወንድሟ ሲዞር አየች።

ሥጋ ደዌ ነበር። አገሩ በሙሉ «ቁምጥና የዘር ነው» አለ። የማን ዘር ነው ሲባል፣ የመሪጌታ ወንድም አስናቀ መልሱን ለመስጠት አልዘገየም። «ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። የሚስቱ አጥንት ነው» አለ። መሪጌታ ሚስታቸውን አልፈቱም፤ አንድ ቀንም ግን አፋቸውን ከፍተው አልተከራከሩላትም። እንዲሁ ዝም እንዳሉ ሞቱ። መርስዔ ኀዘን ጠበል ለጠበል ከተንከራተተ በኋላ ባሕር ዳር ዳርቻ፣ ሰባታሚት፣ እንደሱ ያሉ ሕመምተኞች ከሰፈሩበት ገባ። ፅጌን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች ደጅ ሳይደርሱ ተመለሱ። እሷም አገሩን ጥላ ወጣች።

ባሕር ዳር ስትገባ «ወንድም እህት አለሽ?» ላላት ሁሉ «የለኝም» አለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ጎትታ ሰባታሚት ትሄዳለች። ለወንድሟ ስንቁን አስቀምጣለት ጣቶቹን ታያለች። ለበሽታው የሚሰጠውን ነጭ ክኒን ለዓመታት ውጧል፤ በሽታው ቀስ አለ እንጂ አልቆመም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት የሐይቅ ጀልባ ነጂው ዓምደ ሚካኤል ለትዳር ፈለጋት። ዝምተኛና ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ቀን አስጠሯትና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እናት አባትሽ እነማን ናቸው፣ ልጄ? ወንድም እህትስ?»

«አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሞተዋል። ብቸኛ ነኝ» አለች ፅጌ። ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ሊላክ ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ከእግሯ ባሰ፤ ተኝታም የምትራመድ ይመስላት ነበር።

በዚያው ሰሞን መርስዔ ኀዘን አንድ ነገር ነገራት። «ከአዲስ አበባ ሐኪሞች መጥተዋል። አንዱ ታሞ አንዱ ያልታመመበት ቤተሰብ ይፈልጋሉ። የእኔን ደም፣ የአንቺን፣ የእማዬን።»

«የእኔን ደም ምን ሊያደርጉት?»

«መጥተሽ ጠይቂያቸዋ።»

ሳታስበው እግሯ ወሰዳት። ሐኪሙ ሣህሉ የሚባል ወጣት ነው። ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«በሽታው በዘር አይወርድም» አላት። «የሚያመጣው ጀርም ነው።»

«እኔ ታዲያ ለምን አልታመምሁም? በአንድ ደበሎ አይደል ያደግነው?»

«እኛም እሱን ነው የምንፈልገው። እያንዳንዱ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ቤተኛውን ከባዕድ የሚለይበት ምልክት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ዓይነቱ ገና ተቆጥሮ አላለቀም። የአንዱ ዘበኛ ይሄን ጀርም ቶሎ ያውቀዋል፤ የሌላው ሌላውን። ምልክቱ የሁላችንም አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ ክፉ በሽታ ሲገባ ይሄ የሐይቅ ዳር ሕዝብ ባንዴ ባለቀ ነበር። መለያየታችን ነው ያተረፈን።»

«ምልክቱ ከየት ይመጣል?»

«ከእናት አንድ ረድፍ፣ ከአባት አንድ ረድፍ። እናት ካሏት ሁለት ረድፎች አንዱን ትሰጣለች፤ አባትም እንደዚያው። ስለዚህ የአንድ ቤት ልጆች ሁለቱንም ሊጋሩ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ ሊጋሩም፣ ምንም ላይጋሩም ይችላሉ።»

«አባታችን ሞተዋል።»

«እናታችሁ ካሉ ይበቃል። ከልጆቹ ላይ የእናትየውን ስንለይ የሚተርፈው የአባት ነው።»

ፅጌ መስኮቱ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። «የእኔ ከእሱ ጋር አንድ ሆኖ ቢገኝ እታመማለሁ ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም» አላት ሐኪሙ።

ወጥታ ሄደች። ሦስት እሑድ ሰባታሚት ሳትደርስ ቀረች። ይሁን እንጂ «የሚተርፈው የአባት ነው» ያለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለ። እናቷ ያን ሁሉ ዘመን ብቻዋን የተሸከመችው ወቀሳ ነበር፤ ከገበያ ስትመለስ ሰው ዕቃዋን የማይነካላት፣ በማኅበር ዳር የምትቀመጥ ሴት። በአራተኛው እሑድ ሄደችና «እኔም አብሬ ቁንዝላ እሻገራለሁ» አለች።

ሐኪሞቹ አንዲት ነርስ ይዘው ለመሻገር ጀልባ ተከራይተው ነበር። ጎህ ሲቀድ ፅጌ ከወንድሟ ጋር ወደ ሐይቁ ወረደች። ሞተሩን የሚያሰናዳው ሰው ቀና ሲል ዓምደ ሚካኤል ነበር።

«ፅጌ? አንቺ ደግሞ በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?»

የነርሷ ረዳት ነኝ ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ግን መርስዔ ኀዘንን ደግፎ ሊያሳፍር እጁን ዘርግቷል፤ መርስዔ ኀዘን ደግሞ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም። ብቻውን ዘለለና ተንገዳግዶ ገባ።

«ወንድሜ ነው» አለች ፅጌ። «መርስዔ ኀዘን ይባላል። የለኝም ያልሁህ ውሸት ነው።»

ዓምደ ሚካኤል አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋቢውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ቁንዝላ እስኪደርሱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ከወዲህ ወዲያ ስትል፣ «ተቀመጪ፤ ጀልባው ይናወጣል» አላት።

የወለተ ሩፋኤል ጎጆ ከመንደሩ ገለል ያለ ነው። የመጡት ሰዎች ገና ሳይገቡ መንደሩ ተከትሏቸው ደረሰ። ከፊት አስናቀ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል።

«ደሙ ለጦር ግንባር ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለ።

«ለምርመራ ነው» አለ ሣህሉ።

ወለተ ሩፋኤል ልጇን አቅፋ ስማ፣ ሌላውንም ልጇን አቅፋ ስማ፣ ሐኪሙ ፊት ቆመች። «ደሜ ምን ሊነግራችሁ ነው፣ ልጄ? ጥፋቱ የእኔ መሆኑን?»

«ጥፋተኛ አንፈልግም፣ እናቴ። የልጆቹ ሰውነት የሚጠበቅበት ነገር ግማሹ ከእርስዎ ነው፤ ግማሹ ከመሪጌታ።»

ሴትዮዋ ጠጋ አለችው። «አሁን ያልኸውን ድገመው።»

«ግማሹ ከእርስዎ፣ ግማሹ ከአባታቸው።»

«ጮክ በል። አስናቀ ይስማ።»

ሣህሉ ግራ ገባው፤ ግን ጮክ አለ። አስናቀ ከዘራውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ሙት የሚያስወቅስ ሕክምና!» ብሎ ዞረ። ሰዉ እሱን ተከትሎ ልሂድ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲያመነታ፣ ወለተ ሩፋኤል እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ በር ላይ ተቀመጠች፤ ጎጆው ውስጥ ግቢ ቢሏትም እምቢ አለች። «እዚሁ ቅዳ» አለች፤ «እያዩ።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ደሙ ሕይወቱ ሳይጠፋ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ አውሮፕላኑ በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሌላ ነጂ ቢሆን ቁንዝላ ባደረ። ዓምደ ሚካኤል ሐይቁን አየና «እንሂድ» አለ። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ይጥላት ጀመር። ነርሷ አስመለሳት፤ መርስዔ ኀዘን በጋቢው ውስጥ ሆኖ በለሆሳስ ያዜማል። ፅጌ የደሙን ሣጥን እንድታቅፍ ስለተሰጣት መነሣት አልቻለችም። እግሯ ግን ባሕር ዳር እስኪደርሱ ሥራውን አልተወም፤ ወለሉን ሲመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌ አልመጣም። ክረምቱ ገባ፤ ዓምደ ሚካኤልም አልመጣም። ፅጌ እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። አሁን ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ መጎተቱን ትታለች። ሰባታሚት ቀይ የሆነ አዲስ ክኒን ደርሶ ለመርስዔ ኀዘን ተጀመረለት። ከሱ ጋር የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ፊቱን አጠቆረው፤ ቁስሉ ግን ተዘጋ።

ሣህሉ በጥቅምት ተመለሰ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠራቸው።

«ከእናታችሁ የወሰዳችሁት ረድፍ አንድ ነው» አለ። «ከአባታችሁም የወሰዳችሁት አንድ ነው። ሁለታችሁ በዚህ ነገር አትለያዩም።»

ፅጌ ግድግዳውን ያዘች። «ታዲያ እኔ?»

«አላውቅም። በብዙ ቤት እንዳየነው፣ አብረው የታመሙ ወንድማማቾች ምልክታቸው የሚመሳሰልበት ጊዜ ይበዛል። በእናንተ ቤት ግን አንድ ምልክት ይዛችሁ እሱ ታመመ፤ አንቺ አልታመምሽም። እኛ ያልደረስንበት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ይኸን ልሰማ ነው እናቴን በሰው ፊት ያስደማኋት?» ብላ ጮኸች። መርስዔ ኀዘን ግን ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ በአንቺ እቀና ነበር» አላት። «እግዜር አንቺን በሌላ ጭቃ የሠራሽ ይመስለኝ ነበር። ያው የኔው ጭቃ ነሽ ለካ!»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ወደቡ ሄደች። ዓምደ ሚካኤል ገመድ ይጠቀልል ነበር።

«ውጤቱ መጣ» አለችው። «የእኔና የወንድሜ አንድ ነው። ነገ ልታመም እችላለሁ፤ ላልታመምም እችላለሁ። ሐኪሙም አያውቅም። ሌላ ሰው ነግሮህ ከምትሰማ ብዬ ነው።»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ትፈራ እንደሆነ ንገረኝና ልሂድ።»

«እፈራለሁ» አለ። ገመዱን አስቀመጠ። «ያን ቀን ወንድምሽ እጁን የነሳኝ ጊዜ ነው ያፈርሁት። እኔን ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ እንደገመተኝ አሰብሁ። ያንቺም ውሸት አስቀይሞኛል። ግን እፈራለሁና ተዉኝ አላልሁም። ከእናቴ ጋር ስከራከር ነው ክረምቱ ያለፈው።»

«ማን አሸነፈ?»

«ገና ነን» አለ ዓምደ ሚካኤል።

በጥር ተጋቡ። ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ሠርጉ መጡ፤ እህል ግን አልቀመሱም። መርስዔ ኀዘን ለሙሽሮቹ አዜመ፤ ድምፁን የሰሙ ከውጭ ሆነው ማን ነው እያሉ ጠየቁ። ቁንዝላ ደግሞ ወለተ ሩፋኤል «ግማሽ፣ ግማሽ» የምትለውን ቃል በየገበያው ስለምትደግመው ልጆች ይቀልዱባት ጀመር። እሷ ግድ አልነበራትም። አስናቀ ሲያያት መንገድ መቀየር ጀመረ።

ፅጌ እስከ መጨረሻው አልታመመችም። እርጋታ ግን አላገኘችም። ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ሳለች፣ ወይዘሮ የሺመቤት አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሕፃኗን ገልጠው ሲያገላብጡ አየቻቸው። ጀርባዋን፣ ብብቷን፣ የእግሯን ጣቶች ተመለከቱ።

«ያ የአዲስ አበባ ሐኪም ቢመጣ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚችንም ደም አይቶ ከማን እንደወሰደች ቢነግረን…»

«እኔ እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች ፅጌ። «ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹ የልጅዎ ነው፤ እሱም ያገኘው ከእርስዎና ከባለቤትዎ ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሕፃኗን ሸፈኑ። ኋላም አቅፈው ብድግ አሉና፣ «ነፋስ እንዳይመታት በሩን ዝጊው» አሉ። ፅጌ አራስ መሆኗን ረስታ ለመዝጋት ተነሣች።