ቻይንኛዬ ያለቀ ዕለት

ሐይቅ ዳር ከምንሠራበት ምግብ ቤት አጠገብ የቻይናዎች የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲተከል፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ከደሴ አስተማሪ አስመጥታ እኛን አስተናጋጆቹን ቻይንኛ አስጠናችን። «ኒ ሃዎ» ጤና ይስጥልኝ። «ችንግ ዝዎ» ይቀመጡ። «ማንማን ቺ» ቀስ ብለው ይብሉ። «ሽዬሽዬ» አመሰግናለሁ። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፣ ሰሃን ሳጥብ ይጠፋል፣ መልሼ እጽፋለሁ። ወሎዬ እንግዳ መቀበልን ከማን ይማራል እያልኩ በሆዴ ብስቅም፣ ቻይናዎቹ ሲያጨበጭቡልኝ ኩራቴ አይጣል ነበር።

ለቤቱ ዓሣ የሚያቀርበው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያን ቀን በምሳ ሰዓት ቆሮሶ ዓሣውን በቅርጫት ይዞ ገባ። ከካምፑ ብቻውን የመጣ አንድ ደንዳና ቻይናዊ እንግዳ ተነሥቶ አንዱን ዓሣ አወጣ፣ አሸተተው፣ ፊቱን አጨፍግጎ ወለሉ ላይ ወረወረው። ከውኃ ከወጣ ሰዓት ያልሞላው ዓሣ!

«አንሣው» አለ ወንድሜ፣ በአማርኛ።

ሰውዬው ሳቀ። ወንድሜ ደግሞ ሲስቁበት አይወድም፤ ከልጅነቱ እሳት ነው፣ እኔም ያው ነኝ። በቡጢ አፍንጫውን አለው። ደሙ የጠረጴዛውን ልብስ አራሰው። እንግዳው በእርግጫ መለሰ፤ ጠረጴዛው ከነሳህኑ ተገለበጠ፣ ጠርሙስ ተሰባበረ። ሁለቱም ስብርባሪው ላይ ተንከባለሉ። ሲነሡ ወንድሜ ሰውዬውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጉሮሮውን አንቆት ነበር። የሰውዬው ፊት ጠቆረ፣ እግሩ ተወራጨ። ይገድለዋል አልኩ። ገድሎት እስር ቤት ይበሰብስብኛል አልኩ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

እኛ ዘንድ ይህ ከተጠራ በኋላ እጁን ያነሣ ሰው፣ ሰው አይባልም። ወንድሜ ለቀቀው። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ እጆቹን አውርዶ ቆመ። ሊገላግል የተነሣው ሁሉ ባለበት ቀረ። ነገሩ ያለቀ መሰለን። ከዚያ ቤት ውስጥ የጠራሁት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እያሳለው ጎንበስ አለና የጠርሙስ ስባሪ አነሣ። አየሁት። ተው የሚለውን በቻይንኛ ፈለግኩ፤ አላስተማሩኝም።

«ችንግ ዝዎ! ችንግ ዝዎ!» አልኩ፤ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።

ስባሪውን ወንድሜ ዓይን ላይ ሰካው። ወንድሜ እጁን እንኳ አላነሣም።

ግራ ዓይኑ ደሴ ሆስፒታል ቀረ። በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ እንግዳው አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ አለቀሰ። ወደኋላ ሲል ሊመታኝ የሚንደረደር መሰለኝ፣ የሴትየዋ ጩኸትም በለው የምትል መሰለኝ አለ። ወንድሜ ይቅር አለው። እኔ ግን ሰውዬውን ጠላሁት፤ ከእሱ ይበልጥ ራሴን ጠላሁ።

አንድ ቀን ቁስሉን ሳጥብለት መታገስ አልቻልኩም፤ «ትገድለዋለህ ብዬ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ እታለም» አለኝ። «ባትጠሪ ኖሮ እገድለው ነበር። ግን ከሁለታችን የሰማሁሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

ደጋግሜ የዓይኑን ቁስል አጠብኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደባደብ ካየሁ፣ በሕግ አምላክ ለማለት አፌ አይከፈትም።