የካርቱም ዝናብ ልኬት

የፊዚክስ መምህራችን "የአየር ሁኔታ መከታተያ በገዛ እጃችሁ ትሠራላችሁ" ሲለን አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ስደተኛ ወላጆች ተሰባስበው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ የተከራዩት ግቢ ነው። ግማሹ ክፍል የሙቀት መለኪያውን መረጠ፤ የቀሩት ከቆርቆሮና ከሽቦ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ለመሥራት ተቧደኑ። እኔ ራቅ ካለው ከካላክላ ሰፈር በሀፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ የምመጣ፣ በዚያው ዓመት የገባሁ ልጅ ስለነበርኩ ማንም "ከእኛ ጋር ሁኚ" አላለኝም። የቀረው የዝናብ መለኪያ ነበር።

"ቲቸር፣ ካርቱም እኮ አይዘንብም" አልኩት።

"ይዘንባል። ኸሪፍ ሲገባ ታዪዋለሽ።" ኸሪፍ የሚሉት የዝናቡን ወራት ነው።

አሠራሩን ያሳየኝ እሱ ነው። ቀጥ ያለ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቆረጥን፤ የተቆረጠውን አፍ ዘቅዝቀን መልሰን ከተትነው። ታቹ እኩል እንዲሆን ጥቂት ሲሚንቶ አፈሰስንበት፤ ከሲሚንቶው ጀምሮ ወደ ላይ ማስመሪያ ለጠፍኩ። ነፋስ እንዳይጥለው ጣሪያው ላይ በጡቦች መሃል አቆምነው።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በኋላ የብረት መሰላሉን ብቻዬን እወጣለሁ። የሙቀት ቡድኑ በረንዳው ጥላ ውስጥ ሲሳሳቅ ከላይ ሆኜ እሰማለሁ። በየሳምንቱ ያገኘነውን በክፍል እንናገራለን።

"ዝናብስ?" ይለኛል መምህሩ።

"ምንም።"

አንድ ቀን ሀቡብ፣ ያ ከተማውን የሚሸፍነው የአሸዋ ማዕበል፣ ከመጣ በኋላ "አቧራ" ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ምንም አትበይ፤ ዜሮ በይ። ወጥተሽ አይተሽ ነው የመጣሽው" አለኝ።

ዜሮ ማለት ጀመርኩ። ልጆቹም ስሜን ትተው ዜሮ ይሉኝ ጀመር።

እናቴ አገር ቤት ቀርታለች። አባቴ ጀሪፍ ሰፈር፣ ጡብ ከሚያቃጥሉ ሰዎች ዘንድ ውሎ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ዝናቡ የመጣው ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ሲወርድ አድሮ ጠዋት ሲያባራ ተነስቼ ወጣሁ። ሀፍላው ውሃ የሞላው መንገድ ላይ ሲደርስ አልሄድም አለ፤ የቀረውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ገፊሩ፣ ግቢውን የሚጠብቀው ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ በሩን ከፈተልኝ።

"ልጄ፣ ትምህርት የለም እኮ።"

"ጣሪያው ላይ የማየው ነገር አለ።"

"ያላ ውጪ፣ እንዳትንሸራተቺ ብቻ።"

ልጆቹ ጣሪያው ላይ የተከሉት የነፋስ ጠቋሚ ተገንጥሎ ወድቋል። የእኔ ግን ቆሟል። መምህሩ እንዳስተማረኝ ዓይኔን ከውሃው እኩል እስካደርግ ተንበረከክሁ። ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር። ደግሜ አየሁት። ያንኑ ነው። በሩጫ ወርጄ፣ መምህሩ የሚኖርባትን ከግቢው ጀርባ ያለች ክፍል ላንኳኳ ስል ቁልፍ ተንጠልጥሎባታል።

"ኡስታዝ ሄዷል" አለኝ ገፊሩ ከኋላዬ። "ፈረንጅ አገር። የጉዞ ጉዳዩ አለቀለት።"

"ለእኔ ያለው ነገር የለም?"

"ለሁሉም ሰላም በልልኝ ብሏል።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሁላችንም ያንን ጉዞ ነበር የምንጠብቀው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምን ፈልገሽው ነበር?"

"ዝናቡን ልነግረው።"

"ዝናቡንማ ሁሉም ሰው አይቶታል" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። በዐረብኛ ላስረዳው እችል ነበር፤ አልሞከርኩም። ተመልሼ ወጥቼ ውሃውን ደፋሁና መለኪያውን ቦታው ላይ አቆምኩት።

ቤት ስደርስ አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ክፍላችን የገባውን ውሃ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። የጡቡ ሥራ በዝናቡ ቆሟል።

"የት ነበርሽ?"

"ትምህርት ቤት። ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ዘንቧል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። "ያን ጣሳ አቀብዪኝ" አለኝ። አቀበልኩት፤ እኔም ሌላ ጣሳ ፈልጌ አብሬው መቅዳት ጀመርኩ።

ትምህርት ሲከፈት አዲስ መምህር መጣ። ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ያስገለብጠናል፤ ስለ ጣሪያው የጠየቀ የለም። ኸሪፉ ሳያልቅ ሁለቴ ዘነበ። ሁለቱንም ጊዜ ወጥቼ፣ ተንበርክኬ አንብቤ፣ ውሃውን ደፍቼ ወረድኩ።