ለጓደኛዬ የጻፍኩት ዕጣ

ቅናተኛ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰው ሲያገኝ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ ሆዴን ነው የሚቆርጠኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ እሱም እየተጎተተ።

ከጓደኛዬ ጋር ሮማ የገባነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት የተማሪ ቪዛ ነው። ማስተርሳችንን በምግብ ደህንነት የያዝነውም አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። የምንኖረው ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጀርባ፣ አንዲት እናት ቤት አንዷን ክፍል ለሁለት ተከራይተን ነበር። እማማ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን የጣሊያን ቤት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቤቱን ሙሉ የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት እኔና እሷ በየፊናችን አሮጊት እንንከባከባለን፣ ከሰዓት እንማራለን፣ በነሐሴ ሙቀት ደግሞ በባቡር ኦስቲያ ባሕር ዳር ወርደን ለመዋኛ የሚመጣውን ሰው ወንበር እንዘረጋለን። አንድ ዓይነት ኑሮ ነው። ግን የእሷ ሁልጊዜ ከኔ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ የእሷን ስም አሳምሮ ይጠራል፣ የኔን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳጣመመው ቀረ። የኔን ሹራብ ስትለብስ እንኳን እሷ ላይ ያምራል። ሹራቡ የኔ ነው እኮ!

ከማስተርስ በኋላ ሁለታችንም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዶቶራቶ ተፈተንን፣ ለፒኤችዲ ማለቴ ነው። እዚህ አገር ፈተናው ሲያልቅ ግራዱዋቶሪያ የሚሉት የደረጃ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ስም የለበትም፣ የማመልከቻ ቁጥር ብቻ ነው። ያለው ቦታ ስድስት ነው። ከስድስቱ አንዱ ትቼዋለሁ ካለ ሰባተኛው ይጠራል። ዝርዝሩ የወጣ ዕለት ከእሷ በፊት ከፈትኩት፤ የእሷን ቁጥር ከራሴ ቁጥር አስበልጬ ነው በቃሌ የያዝኩት። ስድስተኛዋ እሷ ናት። ሰባተኛዋ እኔ።

አንጀቴ ቅጥል አለ። በብዙ ብበለጥ ኖሮ ቫ ቤኔ፣ ምን ይደረጋል እል ነበር። በአንዲት መስመር መበለጥ ግን አይዋጥም። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና «አንቺስ?» አለችኝ።

«ወድቄያለሁ። ቁጥሬም የለ» አልኳት።

ሰባተኛ ነኝ ማለት አቃተኝ። ከእግርሽ ስር ቆሜ እስክትለቂልኝ እየጠበቅኩ ነው ማለት መሰለኝ። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ አለቀሰችልኝ፤ ራሷ ያለፈች ቀን፣ ለኔ። ደግነቷም ያናድደኛል።

በሳምንቱ ከፊንላንድ ደብዳቤ መጣላት። እዚያም አመልክታ ኖሯል፣ እዚያም ተቀብለዋታል። ወይ ጉድ! እኔ አንድ አጥቼ እሷ ሁለት ይዛ ቤት ውስጥ እየተንቆራጠጠች «የቱን ልምረጥ?» ትለኛለች። ለሮማው እሺ ወይም እምቢ ለማለት የቀራት አምስት ቀን ነው።

ያኔ ነው እኔ የፊንላንድ አምባሳደር የሆንኩት። አገሩን በፎቶ እንኳን በቅጡ አላየሁትም፣ ግን አፌ አላረፈም። እዚያ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስ ኩዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ከንጋት ጀምሮ መሰለፍ የለም አልኳት። ተማሪውን እንደ ሠራተኛ ቀጥረው ነው የሚያስተምሩት አልኳት፣ ይሄኛው እንኳን እውነት ነው። አየሩ ንጹህ ነው፣ ሰዉ ጨዋ ነው፣ ሐይቁ በሐይቅ ላይ ነው! እማማ ከወጥ ቤት ሆነው ሰምተውኝ «አሎራ፣ እንግዲያው እንደዚህ ከወደድሽው አንቺ ለምን አትሄጂም?» አሉኝ።

«እኔን ማን ጠርቶኝ እማማ?» ብዬ አለፍኳቸው።

እሷ ግን ሮማን መተው አቃታት። ቋንቋውን ለምደነዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ገበያ ወርደሽ በርበሬ ታገኛለሽ። «ደግሞ አንቺን ትቼ የት ነው የምሄደው?» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ። ደንግጬ አንድ ካልሲ ሦስት ጊዜ አጠፍኩ።

አራተኛው ቀን ላይ እናቷ ከአዲስ አበባ ደውለው «ነገሩን ለእመቤቴ ስጪና ዕጣ አውጪ» አሏት። የቤታቸው ልማድ ነው። ለክርስትና ስም ዕጣ፣ ለሠርግ ቀን ዕጣ። እሷም ተገላገልኩ ብላ ፊቷ በራ። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ የመጨረሻው ቀን። ሳትበላ ሳትጠጣ አስቀድሳ መጣችና ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«አንቺ ጻፊው» አለች። «እኔ ከጻፍኩት አስተጣጠፉን አውቀዋለሁ። ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገፋሁት። የመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ፊንላንድ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛዋን አነሳሁ። ሮማ ልል ነበር፣ በማርያም እምላለሁ። ከዚያ ያቺ ሰባተኛ መስመር ትዝ አለችኝ፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ፊንላንድ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። እኔ ነኝ። እንዲያውም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

ሁለቱን ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ስዕለ ማርያም ስር አስቀመጥኳቸው። ጓደኛዬ ተንበርክካ ጸለየች። እኔም ከጎኗ ተንበርክኬ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። የሚያወጡልን እማማ ናቸው። አማትበው አንዷን አነሱና መነጽራቸውን ፍለጋ ጀመሩ፤ አንገታቸው ላይ መሆኑን ነገርናቸው።

«ፊን-ላንድ» ብለው አነበቡ።

ጓደኛዬ መሬቱን ሳመች። እማማ እልል አሉ። ከዚያ፣ ኧረ በስመ አብ፣ እጃቸውን ወደ ሁለተኛዋ ሲሰዱ አየሁ። «እስቲ ይቺንስ ልያት።»

«እንዴ እማማ! የቀረ ዕጣ አይከፈትም!» አልኩ። «መክፈት እኮ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው!»

ነጥቄያቸው ወጥ ቤት ሮጬ ምድጃው ላይ ለኮስኳት። እንዲህ የሚል ሥርዓት ሰምቼ አላውቅም፣ እዚያው የፈጠርኩት ነው። እማማ ግን ትክክል ነሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ የቀረ ዕጣ የሚያቃጥሉ ሴቶች ካሉ ከኔ የተማሩት ነው።

በዚያው ከሰዓት የሮማውን ትቼዋለሁ ብላ ላከች። በአራተኛው ቀን ለኔ መልእክት መጣ፣ ቦታ ተለቋልና ትፈልጊያለሽ ወይ የሚል። እፈልጋለሁ ወይ! ለጓደኛዬ ስነግራት ግራ ገባት። «ወድቄያለሁ አላልሽም ነበር?»

«ተሳስቼ አይቼው ነው። ከታች ነበርኩ ለካ።»

ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ጮኸች። «የኔ ቦታ ነዋ! የኔ ቦታ ላንቺ! አየሽ ሥራውን? በአንድ ዕጣ ሁለታችንን!» አቅፋኝ ዘለለች። አብሬያት ዘለልኩ። በዚያች ሰዓት ሙሉ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ከኔ ይልቅ እሷ ናት የተደሰተችው፣ በዚህም በለጠችኝ የሚል ነበር።

መስከረም ላይ ሸኘናት። እኔም ዶቶራቶዬን ጀመርኩ፤ የተመኘሁትን አገኘሁ፣ ይብቃኝ አይደል? አልበቃኝም። ፎቶ ይመጣ ጀመር። ቀይ የእንጨት ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ። በረዶ ላይ ስኪ ተጫምታ። ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ከኋላዋ አብረቅራቂ መሣሪያ። የራሷ ወጥ ቤት፣ የራሷ ቁልፍ! እኔ አሁንም እማማ ቤት ነኝ፣ አልጋዋን አንዲት ሌላ ተከራይ ይዛዋለች፣ ፕሮፌሰሩ አሁንም ስሜን ያጣምማል። ለስብሰባ ወደ ውጭ የሚላክ ሰው ሲፈለግም ሌላ ይልካል። እማማ ፎቶዋን አሳጥበው ሳሎን ሰቅለዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አሎራ፣ ይቺ ልጅ በዕጣ ነው የሄደችው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁላት» ብለው ይጀምራሉ። ቤተ ክርስቲያንም ሴቶቹ «ያቺ እመቤቴ የመረጠችላት እንዴት ናት?» ይሉኛል። እኔን እንዴት ነሽ ያለ የለም። እርር ድብን አልኩ። የላክኋት እኮ እኔ ነኝ! ያንን ሁሉ በእጄ ጽፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ምስጋናው ግን ለሌላ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደወለችልኝ። ከገበያ ወጥቼ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ላይ ፌስታሌን አጠገቤ አድርጌ ነበር። ፀሐዩ ጥሩ ነው። እሷ ዘንድ ጨልሟል አለችኝ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት።

«ደክሞኛል» አለች።

እኔም በሆዴ፣ ደክሞኛል ትበል እንጂ! ምን ጎድሎባት! እላለሁ።

«ምንም አይደል» አለች ቀጥላ። «እሱ ነው ያመጣኝ። ለምን እንዳመጣኝ እሱ ያውቃል።»

ይቺን ቃል ከሄደች ወዲህ መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ። የዚያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«እሱ አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ያመጣሁሽ እኔ ነኝ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ፊንላንድ ብዬ ነው የጻፍኩት። አንደኛዋን ያቃጠልኳት ለዚያ ነው። ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ቦታሽን ስለፈለግሁት ነው።»

ተጸጽቼ አይደለም የነገርኳት። ሰው ተጸጽታ ነው ብሎ እንዲያስብልኝ አልፈልግም። እግዚአብሔር መረጠኝ የምትለው ነገር ነው ያንገበገበኝ። ቦታዋን ወስጄ ስላልበቃኝ ያንንም ልወስድባት ነው።

ትራም አለፈ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ፣ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«እነዚያ ፎቶዎች» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ዝግ ብሎ፣ «እናቴ እንዳትጨነቅ ብዬ የምልካቸው ናቸው። ስኪው የጎረቤት ነው፣ አንዴ ነው የቆምኩበት። ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ቀን አለ። ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ የፈታሁት እሱ ነው ያመጣኝ፣ ዝም ብሎ አያመጣኝም ብዬ ነው።»

«አሁንስ?» አልኳት።

«ሻንጣዬ ከትናንት ጀምሮ በሩ ጋ ናት» አለች። «የደወልኩልሽ ፍቺያት እንድትዪኝ ነበር።»