የኅዳጉ ማስታወሻ

ቢሮው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጋሽ ጆሮ ነው። ማየት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንድ ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ አራት የእጅ ቅጂዎች አሉት፤ በውል የተቀጠረችለት አንባቢ ጮክ ብላ እያነበበችለት፣ እሱ እያዳመጠ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያነጻጽሯቸው ኖረዋል። አንዲት ቃል ከዘለለች "ተመለሺ" ይላታል። "እሱ ፊት ዘልሎ ማንበብ ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ እንደማሳለፍ ነው" እያለች ትስቅበታለች።

ዛሬ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የቀረው የእሱ ማረጋገጫ ብቻ ነው። እሱ ካላረጋገጠ ሥራው ይቆማል፤ ዓርብ የሚያበቃው የአንባቢዋ ውልም አይታደስም።

ማዳመጫውን አድርጎ ገጽ አርባ ሁለትን ፈለገ። እዚያ ኅዳጉ ላይ የጥንቱ ጸሐፊ እንዲህ ብሏል፦ "ዓይኔ ጠፋ። ከዚህ በኋላ እኔ ተናገርኩ፣ ልጄ ጻፈች።" መጀመሪያ የሰማው ቀን ጋሽ ጆሮ አልቅሷል።

ኮምፒውተሩ ዋናውን ጽሑፍ ጥርት አድርጎ አነበበለት። ኅዳጉ ጋ ሲደርስ "ምስል" አለ። ሌላ ገጽ ሞከረ። "ምስል።"

"ኅዳጎቹ የት ሄዱ?"

ለካ ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

"ፎቶው ላይ አሉ እኮ፣ ጋሼ" አለ የቢሮው ኃላፊ። "ለመተየብ ጊዜ አጠረን። የፈለገ ሰው አጉልቶ ያያል።"

"የማያይስ?"

"እሱን በሁለተኛው ዙር እናስብበታለን።"

ሁለተኛ ዙር! ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ ይህን ቃል ይሰማል፤ እስካሁን ደረጃውን በዱላው እየቆጠረ ነው የሚወጣው።

እምቢ ቢል አንባቢዋን ሥራ ማሳጣቱ ነው። እሺ ቢል ደግሞ ያንን ዓይኑ የጠፋ ሰውዬ በገዛ እጁ ቆልፎበት መውጣቱ ነው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ትንፋሿ ይሰማዋል። ብትለምነው ይቆጣ ነበር፤ ዝም ማለቷ የባሰ አጥብቆ ያዘው።

"ማረጋገጫው የት ነው?" አለ በመጨረሻ። ቁልፎቹን እየነካካ ፈለገው።

"ምስል" አለው ኮምፒውተሩ።

አንባቢዋ እጁን ይዛ ማውሱ ላይ አስቀመጠችለት።

"ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

"'ሙሉውን አንብቤ፣ አንድም ነገር እንዳልጎደለ አረጋግጫለሁ።'"

"ተመለሺ" አላት።

ደግማ አነበበችለት። አንዲት ቃል አልዘለለችም። ማረጋገጫውን ተጫነ።