ሻማ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ

ስሜን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል። ይህ የገጠመኝ ባለፈው ታኅሣሥ ነው። እስካሁን የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ የጎልማሶች ኮሌጅ እማራለሁ። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል፤ አገር ልቀቂ ተብያለሁ። ይህን የሚያውቁት ርእሰ መምህሩና ፊቲያ የሚባል ሰፈር ቤታቸው ያስጠጉኝ እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ ነው የምቀመጠው። ከሰው ጋር የምቀላቀለው የኮሌጁ መዘምራን ጋ ስሄድ ብቻ ነው። እዚያ ሌላ ነገር አይደለሁም፣ አልቶ ነኝ። ወፍራሙን የሴት ድምፅ የምንዘምረው እኔና ኤልሳ የምትባል ልጅ ነን።

ስዊድኖች ሉሲያ የሚሉት በዓል አላቸው። ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻማ ይዞ፣ በማለዳ እየዞሩ መዘመር ነው። በዋዜማው መሪያችን ሼሽቲን የምንሄድባቸውን ቦታዎች ነገረችን፤ መጀመሪያ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ ክው አሉ። «ልጄ፣ በገዛ እግርሽ? አመመኝ በያቸው!»

ልል ነበር። ግን ማታውን ኤልሳ ድምፅዋ ተዘግቶ ቀረች። ሼሽቲን «አንቺ አለሽልን» ብላ ጻፈችልኝ። አለሽልን ያለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሄድኩ።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ወጣት ፖሊስ አስቆመን። «ለግ አላችሁ?» አለ። መታወቂያ ማለቱ ነው። የሻማው ሰም እጄ ላይ ሲፈስ እንኳ አልተሰማኝም።

ሼሽቲን ዞራ አየችን። ቦርሳችን አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ቀሚሱ ደግሞ ኪስ የለውም። «ዛሬ እኮ ሁላችንም ወረቀት አልባ ነን!» ብላ ሳቀች፤ እዚህ አገር ወረቀት አልባ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ነው። ሁሉም ሳቀ፣ ፖሊሱም ጭምር። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። በሩን ከፈተልን።

እንዴት እንደዘመርኩ አላውቅም። ስንጨርስ ሸምገል ያሉ አለቃ ሳፍራን ያለበት ጣፋጭ ዳቦ ይዘው ፊቴ ቆሙ። ቅቤና እንቁላል አለው፤ እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። እንቢ ብል ለምን ይሉኛል፤ ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ ይወልዳል። ዋጥኩት። ስንት ነገር ያላስገደፈኝን ጾም ፖሊስ አስገደፈኝ።

«ግሩም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንጠብቃችኋለን» አሉ። ሼሽቲን «እንመጣለን!» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም።

ቤት ስገባ እትዬ አስካለ አቅፈውኝ አለቀሱ። ስለ ዳቦው ስነግራቸው ግን «እሱን ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ» አሉኝ።

አሁንም እፈራለሁ። በር ሲንኳኳ መብራት አጠፋለሁ። ልምምድ ግን አልቀርም። ያን ዕለት የሳቁበት ቀልድ የኔ ኑሮ መሆኑን አለማወቃቸው ያናድደኛል፤ ደግሞ ደስ ይለኛል። ለፖሊስ እመጣለሁ ብያለሁ። ከቀረሁ ቃሌን ያጠፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ናቸው ከአገር አስወጥተው ያስቀሩኝ።