የጺማሙ ምላጭ

ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤታችን ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ይህ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ መርጦ የገዛው ምን መሰላችሁ? ዝገት የበላው ተጣጣፊ ምላጭ! ለሰርግ የሚያደርሰው ይመስል፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ በድንጋይ ይስለዋል፣ በቀበቶ ያፋጨዋል። ስለቱን የሚሞክረው ክንዱ ላይ ስለሆነ፣ ክንዱ የሕፃን ጉንጭ መስሏል። ጺሙን ግን የነካው የለም።

ትናንት አላስችል አለኝ። «ወንድምዓለም፣ መቼ ልትላጭበት ነው?» አልኩት።

ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አባቴም እንዲህ ያለ ነበረው። ጠዋት ጠዋት በቀበቶው ያፋጨውና፣ ሲጨርስ በዚያው ቀበቶ እኔን ይገርፈኝ ነበር። ይህን ጺም ከተላጨሁት ቁርጥ አባቴን ነኝ። ገና አልታረቅንም።»