የጋሼ አስተርጓሚ

እኛ ሐበሾች ጅቡቲ ውስጥ ሰው ሲታመምብን ፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ አስከትለን ነው ጤና ጣቢያ የምንሄደው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፤ ፈረንሳይኛው «ቦንዡር» ላይ ያልቃል። «ታዲያ የተማርሽው ለመቼ ነው?» ትላለች እናቴ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። ሞኝ!

ጋሼ ትኩሳቱና የሰውነቱ ቁስል ሲመለስበት ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ፊቱን እንኳ ሳታይ፣ «ስንት ሴት እንዳለው ጠይቂው» አለችኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ተረጎምኩ።

«ሴት የለኝም በያት።»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት» ብላ ሳቀች። «ጫት ይቀንስ።» የትኩሳት ክኒን ጻፈችና ቀጣዩን ጠራች።

መንገድ ላይ ጮህኩበት። «ለምን ትዋሻለህ? ሦስት ጊዜ ሙሉ!»

«አልዋሸሁም እኮ። እውነትም ሴት የለኝም።» ቆመ። «የኔ እመቤት፣ የቀረውን በአንቺ አፍ እንዴት ልናገር?»

ጋሼ የሚወደው ወንድ ነው። ቤታችን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

«እንግዲያው በአፌ አይሁን» አልኩት። «ጻፈው። እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሰዋለሁ።»

ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይቅማል። ከምርቃናው ለመውረድ ከኪዮስክ የተገዛ የሚያደነዝዝ ክኒን ይውጣሉ። ከዚያ በኋላ ኮንዶም የሚያስታውስ የለም። አንዱ ጓደኛቸው አምና ሞተ፤ ቀብሩ ላይ «ጫት ጨረሰው» ተባለ፤ እነሱም አብረው «አዎ፣ ጫት ነው» አሉ።

ስተረጉም እርሳሴ ወረቀቱን ቀደደው። የገደለው ጫት እንዳልሆነ እያወቁ! ጓደኛቸውን በውሸት ቀብረው በማግስቱ እዚያው የሚቅሙበት ፍራሽ ላይ ተቀመጡ! ግን ልደብቅ አልችልም፣ ደብዳቤው ሲያልቅ ደስ አለኝ፤ አንድም ስህተት የለውም። ያን ያህል ከባድ ነገር በእጄ ጽፌ አላውቅም ነበር። ይህን ታሪክም ስጽፍ ጋሼን አስፈቅጄ ነው፤ «ስሜን ብቻ ተዪው» ብሎኛል።

ጤና ጣቢያው ተመልሰን ሄድን፤ ነርሷ ደብዳቤውን አንብባ ሳቋ ጠፋ። ወደ ላቦራቶሪው ዞራ ተጣራች። ነጭ ጋውን የለበሰ ሽማግሌ ብቅ አለና ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ፣ «ግባ ወንድሜ፣ አይዞህ» አለው።

አማርኛ! ሦስቱንም ጊዜ ከዚያ በር ጀርባ ነበር!

«አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ ይህ የልጅ ጉዳይ አይደለም» አለች ነርሷ።

«ስንት ሴት አለው ስትይኝስ የልጅ ጉዳይ ነበር?» አልኳት በፈረንሳይኛ። በሩን ዘጋችብኝ።

ጋሼ ቆይቶ ወጣ። «ኤች አይ ቪ ነው» አለ። «መድኃኒት አለው። በየቀኑ፣ ሳይዛነፍ። ጠዋት ጠዋት፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ መጥቶ ከተማ ሳይገባ፣ እንድወስደው ከሽማግሌው ጋር ተባብለናል፤ ከቃምኩ እረሳለሁ።»

«ጫቱንስ አትተውም?»

«አንድ በአንድ፣ አንቺ ዳኛ!»

«የሚያደነዝዘውን ክኒንስ? ኮንዶሙንስ?»

«እሱንማ ሽማግሌው መክሮ ጨርሶኛል፤ አንቺ ደግሞ አትድገሚብኝ።»

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጋሼ አጠገቤ ቆሞ እያለ እኔን ያዘችኝ። «ምን አሉት? ንገሪኝ እንጂ!»

«ወንድምሽ ይኸው» አልኳት። «አማርኛ ይችላል። እሱን ጠይቂው።»